መለኪያና በር፤ የሴቶች ሻምፒዮና ደንብ ከአጠቃላዩ የውድድር ሕግ የሚለይበት ታሪክ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወረታ ከተማን አቋርጦ ሲያልፍ፣ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ድረስ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ለተጓዡ ወለል ብሎ ይታያል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ ለጥ ያለ መሬት፣ በክረምት ወራት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ የከብት መሰማሪያና የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ፎገራ ስሙ የገነነው በከብቱ ዝርያና በቅርብ ዐሥርት ዓመታት በተስፋፋው የሩዝ አዝመራ ቢሆንም፣ ለውድድር ሕግ ታሪክ መነሻ የሚሆን ቁም ነገርም አያጣም። ይኸውም የልደት በዓል ሲቃረብ በሰሜን ኢትዮጵያ ሜዳዎች ሁሉ ሲካሄድ የኖረው የገና ጨዋታ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ገና ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር የተባለውን ድቡልቡል ነገር እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ክልል ለማድረስ የሚደረግ ትግል ነው። በልማዱ የሜዳው ወርድና ቁመት በገመድ አይለካም፤ የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም። መንደር ከመንደር፣ ያገባው ካላገባው ጋር ይገጥማል። በዚያን ዕለት ጌታና ሎሌ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ፤ በጨዋታው መካከል ለተሰነዘረ ቃል ቂም መያዝም እንደ ነውር ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ልቅ የሆነው ጨዋታ አንድ የጠበቀ ወሰን ነበረው። ሴቶች ልጆች በዳር ቆመው ከማየትና ከማድመቅ በቀር ዱላውን ይዘው የሚገቡበት ልማድ አልነበረም። ይህን የሚከለክል አንቀጽ በየትም አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገም። ዛሬ ገና በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር የሜዳ ልክ፣ የተጫዋች ቁጥርና የጨዋታ ሰዓት ተወስኖለት በሀገር አቀፍ ደረጃ የሚካሄድ ውድድር ሆኗል።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ዓይነት ሕግ መለየት ይቻላል። አንደኛው፣ ሜዳው ይህን ያህል ይሁን፣ መሣሪያው ይህን ያህል ይመዝን እያለ የሚወስን ነው፤ ይህን የመለኪያ ሕግ እንበለው። ሁለተኛው፣ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል የሚለውን የሚወስን ሲሆን እርሱን የበር ሕግ ብንለው ያስኬዳል። የሴቶች ሻምፒዮና ደንብ ከአጠቃላዩ የውድድር ሕግ በምን ይለያል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ የሚፈለገው በመለኪያው ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን ትልቁ ልዩነት የኖረው በበሩ ላይ መሆኑ ይታያል።

አንድ መጽሐፍ፣ የተዘጋ ደጅ

ጎልፍ እንደ ገና ሁሉ በዱላና በትንሽ ኳስ የሚካሄድ ጨዋታ በመሆኑ ለንጽጽር ይመቻል። ተጽፈው ከተገኙት የጎልፍ ሕጎች የመጀመሪያዎቹ በ1744 ከኤዲንብራ አጠገብ በምትገኘው በሊዝ የወጡት 13 አንቀጾች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ የዓለም አቀፉ ስፖርት መዝገብ እንደሚይዛቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተሰጥተዋል።) ዛሬም የጨዋታው ሕግ ለወንድም ለሴትም አንድ መጽሐፍ ነው። የጉድጓዱ አፍ 108 ሚሊ ሜትር፣ ተጫዋቹ ሊይዝ የሚፈቀድለት የዱላ ብዛት ከ14 የማይበልጥ ነው፤ ይህ ለሁሉም እኩል ይሠራል። የሴቶች ሻምፒዮና የሚለየው መነሻው ወደ ፊት ቀረብ ተደርጎ የሜዳው ርዝመት በማጠሩ ነው። ከዚህ በተረፈ አዘጋጁ አካል በውድድር ደንብ ጥቂት ጥብቅ ትእዛዞችን ይጨምራል። ለምሳሌ አጠቃላዩ ሕግ በመኪና እየተጓዙ መጫወትን በራሱ የማይከለክል ሲሆን፣ በታላላቆቹ የባለሙያ ውድድሮች ግን ተጫዋቿ በእግሯ እንድትሄድ ትገደዳለች።

ሴት በመሆን የሚገኝ የሕግ ምሕረት እንደሌለ የሚያስረዳ አንድ ድርጊት አለ። በ1957 በአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ሻምፒዮና ጃኪ ፐንግ ከሁሉም ያነሰ ምት ቆጥራ ጨርሳ ነበር። ሆኖም በፈረመችው ወረቀት ላይ በአራተኛው ጉድጓድ 6 ሊባል የሚገባው 5 ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ጠቅላላው ድምር ትክክል ነበር፤ ቢሆንም ሕጉ እንደተጻፈው ተፈጻሚ ሆኖ ከውድድሩ ተሰረዘች። መለኪያው በዚህ መጠን እኩል ነበር። በሩ ግን እኩል አልነበረም። እነዚያን 13 አንቀጾች ያወጣው የኤዲንብራ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው በ2017 ነው። የማኅበሩ ሜዳ ሙርፊልድ የሴቶችን ኦፕን ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናገደውም በ2022 ነው። ከሕጉ መጻፍ እስከ በሩ መከፈት 273 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

መለኪያው በአትሌቲክስ

ለኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርባት በአትሌቲክስ በኩል ነው። የአትሌቲክስ ሕግ አብዛኛው ክፍል ጾታ አይለይም። ከምልክት በፊት መነሣት ያስወጣል፤ የጨረሰ ሰው የሚወሰነው በእግሩ ወይም በእጁ ሳይሆን አካሉ የመጨረሻውን መስመር ሲደርስ ነው፤ በመም የሚሮጥ ከመሙ አይወጣም፤ የዱላ ቅብብል ዱላ በተወሰነው ክልል ውስጥ ይተላለፋል። በዚህ ሁሉ ወንድና ሴት አንድ ናቸው።

የሴቶች ደንብ የሚለየው በተወሰኑ ልኮች ነው። በወንዶች የ110 ሜትር መሰናክል ቁመቱ 106.7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሴቶች 100 ሜትር በ83.8 ሴንቲ ሜትር መሰናክል ይሮጣሉ። በ400 ሜትር መሰናክል ለወንዶች 91.4፣ ለሴቶች 76.2 ሴንቲ ሜትር ነው። አሎሎ ለወንዶች 7.26 ኪሎ ግራም፣ ለሴቶች 4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ዲስከስ 2 ኪሎ ግራምና 1 ኪሎ ግራም፣ ጦር ደግሞ 800 ግራምና 600 ግራም ነው። በ3,000 ሜትር መሰናክል ሁለቱም ጾታዎች 28 ጊዜ ደረቁን መሰናክል፣ 7 ጊዜ የውኃውን ጉድጓድ ይዘላሉ፤ ነገር ግን የሴቶቹ መሰናክል ዝቅ ይላል፤ የውኃው ጉድጓድም ርዝመት ከ3.66 ወደ 3.06 ሜትር ያጥራል።

እነዚህ ልዩነቶች የሚያስቀይሙ አይደሉም። ዓላማቸው የሰውነትን ቁመትና ጉልበት አመዛዝነው፣ ዘዴውና ውበቱ ሳይጓደል ውድድሩ እንዲካሄድ ማድረግ ነው። የ800 ግራም ጦር የወንዱን ክንድ እንደሚፈትን ሁሉ የ600 ግራሙ የሴቷን ክንድ ይፈትናል። መለኪያ ሲቀየር ውድድሩ ይኖራል፤ በር ሲዘጋ ግን ውድድሩም፣ ተወዳዳሪዋም፣ የምታስመዘግበው ውጤትም አብረው ይጠፋሉ።

በሩ እንዴት ተዘጋ፣ እንዴትስ ተከፈተ

ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚልያ በ1921 ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁማ፣ በተከታዩ ዓመት በፓሪስ የሴቶችን ጨዋታ ካዘጋጀች በኋላ፣ የኦሊምፒክ ባለሥልጣኖች ጥያቄውን ችላ ማለት አልተቻላቸውም። ከዚህም የተነሣ በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ አምስት የሴቶች የአትሌቲክስ ውድድሮች ተፈቀዱ። ከእነርሱ ረጅሙ 800 ሜትር ነበር። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ አሸነፈች። ዘጠኙም የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ውድድሩን ጨርሰው ሳለ፣ ጋዜጦች ሴቶቹ በየመንገዱ ወደቁ፣ ሩጫውን አቋረጡ ሲሉ ጻፉ። ወንዶችም ከከባድ ሩጫ በኋላ መሬት ላይ እንደሚዘረጉ ያስታወሰ አልተገኘም። ርቀቱ ከኦሊምፒክ ተሰርዞ 32 ዓመት ቆየ።

የ800 ሜትር ውድድር ለሴቶች የተመለሰው በ1960 በሮም ነው። በዚያው ኦሊምፒክ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ አመጣ። የአፍሪካ የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ የሚጀምርበት ይህ ዕለት ነው። እንግዲህ በዚያ ሳምንት ወንድ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር እንዲሮጥ ሕጉ ሲፈቅድለት፣ ለሴት የተፈቀደላት ረጅሙ መንገድ ከስታዲየሙ ሁለት ዙር አይበልጥም ነበር።

ቀጣዩ መከፈት በጣም አዘገመ። 1,500 ሜትር በ1972፣ 3,000 ሜትርና ማራቶን በ1984፣ 10,000 ሜትር በ1988 ለሴቶች ተፈቀዱ። 3,000 ሜትር በ5,000 ሜትር የተተካው በ1996 ሲሆን፣ የ3,000 ሜትር መሰናክል ኦሊምፒክ የገባው በ2008 ነው። ከኦሊምፒክ ውጭም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። በ1967 በቦስተን ማራቶን ካትሪን ስዊትዘር ቁጥር ለጥፋ ስትሮጥ፣ ከውድድሩ ኃላፊዎች አንዱ በመንገድ ላይ ይዞ ሊያስወጣት ሞክሯል። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው። ከዚያ ድርጊት ልክ 30 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ በዚያው ጎዳና ያሸነፈችው ኢትዮጵያዊቷ ፋጡማ ሮባ ናት፤ በ1998ና በ1999ም ድሏን ደግማለች።

ኢትዮጵያውያት በበሩ ሲገቡ

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መካፈል የጀመረችው በ1956 በሜልቦርን ቢሆንም፣ ሴቶች አትሌቶቿ የተሰለፉት በ1980 በሞስኮ ነው። በሞስኮ ምሩጽ ይፍጠር 5,000ና 10,000 ሜትርን ደርቦ ሲያሸንፍ፣ ለእኅቶቹ ከ1,500 ሜትር የረዘመ ሩጫ በመርሐ ግብሩ አልነበረም። በ1984ና በ1988 በሩ ሰፋ ሲል ደግሞ ኢትዮጵያ በሁለቱም ጨዋታዎች ሳትካፈል ቀረች። ስለዚህ ኢትዮጵያዊት ሴት በኦሊምፒክ ከ1,500 ሜትር በላይ ለመሮጥ ዕድል ያገኘችው በ1992 በባርሴሎና ነው።

ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል። ደራርቱ ቱሉ በዚያው በባርሴሎና 10,000 ሜትርን በ31 ደቂቃ ከ6.02 ሰከንድ አሸንፋ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከእርሷ ተከትላ ከገባችው ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኢሌና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን መዞራቸውም አይረሳም። በ1996 በአትላንታ ፋጡማ ሮባ ማራቶንን አሸነፈች። በ2004 በአቴንስ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር፣ በ2008 በቤጂንግ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000ና በ10,000 ሜትር፣ በ2012 በለንደን ቲኪ ገላና በማራቶን ወርቅ አገኙ። እነዚህ ርቀቶች በሙሉ ሞስኮ ላይ ለሴት ያልተፈቀዱ ነበሩ። ከ1980 በፊት በኢትዮጵያ ደጋ ለረጅም ርቀት የተፈጠረች ልጅ አልነበረችም ማለት አይቻልም፤ ያልነበረው ውድድሩ ነው።

ከአማራ ክልል የተገኙት ሁለት አትሌቶች ይህን በተለይ ያስረዳሉ። በሰሜን ሸዋ በጫጫ የተወለደችው ጌጤ ዋሚ በአትላንታ የ10,000 ሜትር ነሐስ፣ በ1999 በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮናነት፣ በ2000 በሲድኒ ከደራርቱ ቀጥላ ብር አግኝታለች። በ1996 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ስትሆን የሮጠችው ርቀት ከወንዶቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። በዚህ ሻምፒዮና የአዋቂ ሴቶችና ወንዶች ርቀት በ10 ኪሎ ሜትር የተስተካከለው በ2017 በካምፓላ ነው። በደቡብ ወሎ በተንታ የተወለደችው ሶፊያ አሰፋ ደግሞ የ3,000 ሜትር መሰናክል ሯጭ ናት። ይህ ውድድር በዓለም ሻምፒዮና ለሴቶች የተከፈተው በ2005 በሄልሲንኪ ነው። ሶፊያ በ2012 በለንደን ሦስተኛ ሆና ገብታ፣ አንደኛ የወጣችው ሩስያዊት በአበረታች መድኃኒት ምክንያት በመሰረዟ ወደ ብር ሜዳልያ ከፍ ብላለች። ዕድሜዋ በዐሥር ዓመት ቀደም ያለ ቢሆን ኖሮ ያ ችሎታ የሚታይበት ሜዳ ባላገኘ ነበር።

በዚሁ ውድድር የጋራው ሕግ ለሴቶች በእኩል እንደሚሠራ የታየበት ጊዜም አለ። በ2016 በሪዮ በማጣሪያው እቴነሽ ዲሮ ከሌሎች ጋር ተጋጭታ ጫማዋ ከጥቅም ውጭ ሆነባት። ጫማዋንና ካልሲዋን አውልቃ ጥላ፣ በአንድ እግሯ ባዶ መሰናክሉንና ውኃውን እየዘለለች ጨረሰች። ያገኘችው ደረጃ ለፍጻሜ የሚያበቃ አልነበረም። ነገር ግን የመሰናከል ሕጉ ለወንድ እንደሚያገለግለው ሁሉ ለእርሷም አገልግሎ፣ ቀርቦ በነበረው አቤቱታ መሠረት ወደ ፍጻሜው እንድታልፍ ተፈቀደላት።

አዲሶቹ ልዩነቶች

በሮቹ ሁሉ ከተከፈቱ በኋላም የሴቶች ደንብ ከአጠቃላዩ የሚለይባቸው አዳዲስ ነጥቦች አልጠፉም። አንደኛው የማራቶን ክብረ ወሰን ነው። ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድነት በሚሮጡበት ውድድር ወንድ አሯሯጭ ሊያግዛቸው ይችላል በሚል ምክንያት፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2011 ከሴቶች ብቻ ውድድር በቀር ሌላው ክብረ ወሰን አይሆንም ሲል ወስኖ ነበር። ተቃውሞ ሲበረታበት በዚያው ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለት ክብረ ወሰኖች ጎን ለጎን እንዲያዙ ፈቀደ። ለወንዶች እንዲህ ያለ ክፍፍል የለም። ትዕግሥት አሰፋ ሁለቱንም ዓይነት ሰብራለች። በ2023 በበርሊን በድብልቅ ውድድር 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ፣ በ2025 በለንደን በሴቶች ብቻ ውድድር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በመግባት በየጊዜው አዲስ ክብረ ወሰን አስመዝግባለች።

የበርሊኑ ሰዓት ከታሪክ አንጻር ሊታሰብበት ይገባል። አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ዓለምን ያስደነቀበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። በርግጥ ጫማው፣ ጎዳናው፣ የአሯሯጮቹ እገዛና ልምምዱ በሁለቱ ዘመናት መካከል እጅግ ተለውጧል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ የአበበን ክብር አይቀንስም። የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው። በአበበ ዘመን ሴት ልጅ አትችለውም ተብሎ በደንብ የተዘጋባትን ርቀት፣ የሀገሩ ልጅ ከእርሱ በፈጠነ ሰዓት ፈጽማዋለች።

ሁለተኛው ነጥብ የበሩን ጠባቂ ይመለከታል። በሴቶች ምድብ የምትወዳደር አትሌት ሴትነቷን በምርመራ እንድታረጋግጥ በ1960ዎቹ የተጀመረው አሠራር፣ በኦሊምፒክ በኩል በ1999 ተቋርጦ ነበር። በ2025 ግን የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በሴቶች የዓለም ደረጃ ውድድር የምትካፈል ሁሉ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ የዘር ምርመራ እንድታደርግ ደንግጎ፣ ከሴፕቴምበር መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ አውሎታል። ደጋፊዎቹ የሴቶችን ምድብ ፍትሐዊነት ለመጠበቅ ነው ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ የአትሌቷን ክብርና ምሥጢር ይነካል ሲሉ ይሞግታሉ። ክርክሩ ምንም ይሁን፣ ከወንድ የማይጠየቅ ማስረጃ ከሴት የሚጠየቅ መሆኑ ግልጽ ልዩነት ነው።

ለባለሙያው የሚተርፈው

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ለዓለም ሻምፒዮና ዳኞች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በወረታም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ የትምህርት ቤት ውድድር የሚያሰናዳ መምህር፣ የርቀቱንና የምድቡን ዝርዝር ሲጽፍ በራሱ አቅም ሕግ አውጪ ነው። ለልጃገረዶች የአሎሎውን ክብደት ቢቀንስ፣ የመሰናክሉን ቁመት ዝቅ ቢያደርግ ደንቡን አክብሯል፤ ተወዳዳሪዎቹንም አልበደለም። ነገር ግን በወንዶች ዝርዝር ውስጥ የተጻፈውን ረጅም ርቀት በልጃገረዶች ዝርዝር ላይ ሳይጽፍ ቢተው፣ አምስተርዳም ላይ የተሠራው ስሕተት በፎገራ ሜዳ ዳር ተደገመ ማለት ነው። የ1928ቱ ውሳኔ 32 ዓመት እንደፈጀ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ዝርዝርም የአንዲትን ልጅ የሩጫ ዕድሜ ሊፈጅ ይችላል።

ከሁሉም የሚከፋው ያልተጻፈው ክልከላ ነው። የተጻፈ አንቀጽ በአቤቱታ ይሻራል፣ በጉባኤ ይሻሻላል። በገና ሜዳ ዳር ቆማ ስትመለከት የኖረችው ልጅ ግን አቤት የምትልበት አንቀጽ አልነበራትም። ስለዚህ የሙያው ባልደረባ የሚያወጣውንም ሆነ የሚያስፈጽመውን ደንብ በእጁ ሲይዝ፣ እያንዳንዱ ቃል የሚለካ ነው ወይስ የሚዘጋ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የሚለካ ከሆነ ልኩ በዕውቀት ይወሰን፤ የሚዘጋ ከሆነ ግን የሚያስቀረውን ሰው አስቀድሞ ያስብ።